ሁለት ድስት ያለበት ቤት

«እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ሙስሊም ነኝ። ክርስቲያን ከሆነች ጎረቤቴ ጋር በአንድ አጥር ነው ያደግነው። አብረን ተምረናል፣ ተከታትለን ወልደናል፤ አባቴ ሲሞት ባለቤቷ ከቅሬው፣ ከሰፈራችን ዕድር፣ ሰዎች ጋር ድንኳን ተክሎ ሌሊቱን በእግሩ ቆሞ አድሯል። ባለፈው ጥቅምት ልጇን ክርስትና ስታስነሳ እንደ ልማዳችን ሄድኩ። ከሩቅ የመጣች ዘመዷ ሰው በተሰበሰበበት ‹የእኛን ሥጋ የማትበሉት ለምንድን ነው? እንደ ርኩስ ነው የምታዩን?› አለችኝ። ጓደኛዬ ሰምታለች፤ ምንም አላለችም። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰባኪ በነቢያችን ላይ የሚሳለቅበትን ቪዲዮ ‹እስቲ ስሚውና እንነጋገርበት› ብላ ላከችልኝ። ሰባኪው ሲስቅ፣ ሰዉ ሲያጨበጭብለት ይሰማል። አስተያየት መስጫው ላይ የተጻፈውን ብነግርዎ ያፍራሉ። ሌሊቱን ስንገበገብ አድሬ ጠዋት አንድ የእኛ ተከራካሪ ሥላሴን የሚያብጠለጥልበትን ፈልጌ ላክሁላት። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። ወንድሜ ‹ድሮም ልባቸው ይኸው ነው፤ ተያት› ይለኛል። የስምንት ዓመት ልጄ ደግሞ ‹እማ፣ አክስቴ ጀነት አትገባም እንዴ?› ብላ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ። እናቶቻችን ስለ ሃይማኖት ሳይነጋገሩ ነው ተፋቅረው የኖሩት። እኛም ዝም ማለት ነበረብን? ወይስ ሳይጎዳዱ መነጋገር ይቻላል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው የቪዲዮ ጠብ መሰለኝ። ደግሜ ሳነበው አንዲት አጭር መስመር ያዘችኝ፤ «ጓደኛዬ ሰምታለች፤ ምንም አላለችም»። ስለ ቪዲዮው ሳቁንና ጭብጨባውን ሳይቀር ጽፈሻል፤ ይህችን ግን በአራት ቃል አልፈሻታል። ሰው የሚያመውን ቦታ በቶሎ ነው የሚያልፈው። እኔ እንደሚገባኝ ከማታውቂው ሰባኪ ይልቅ የጎዳሽ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ድግሷ ላይ ለዘመዷ «ተይ፣ እርሷን እንዲህ አትበያት» ማለት የምትችል አንዲት ሴት አለማለቷ ነው። እንግዳ በሰው ፊት ሲነካ መልስ መስጠት ያለበት ባለቤቱ ነው። እርሷ ይህን ሳታደርግ ቀርታለች። ጥፋት ነው፤ ጥፋት መሆኑንም ልትነግሪያት ይገባል። ስለ ሃይማኖት ከመነጋገራችሁ በፊት የምትነጋገሩት ስለዚህ ነው።

ለምን ዝም እንዳለች ስታስቢ ግን አንድ ነገር አትርሺ። ምናልባት መልሱን እርሷም አታውቀው ይሆናል። ከልጅነታችሁ ጀምሮ የሥጋውን ነገር አንዳችሁ ለሌላችሁ ስትጠነቀቁ ኖራችሁ፤ ለምን እንደምትጠነቀቁ ግን ተነጋግራችሁ አታውቁም ይሆናል። በአንድ አጥር ያደገ ሰው ስለ ጎረቤቱ ሃይማኖት ከአጥር ውጭ ካለው ሰው የተሻለ ላያውቅ ይችላል። ይህን በራሴም አይቼዋለሁ።

የዘመዷን ጥያቄ እኔ ልመልሰው፤ እንደ እርሷ የሚጠይቁ ሌሎችም ይህን ዓምድ ያነባሉና።

ያደግኩት ደሴ ነው። በእናቴ ጓዳ፣ በላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ የክዳኑ እጀታ በአረንጓዴ ጨርቅ የታሰረ ትልቅ ብረት ድስት ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ሽንኩርት ላቁላላበት ሳወርደው እናቴ አይታኝ ከእጄ ነጠቀችኝ። «የሰው አደራ ነው» አለችኝ። ድስቱን ከሰኞ ገበያ በገንዘቧ የገዛችው ራሷ ነበረች። የእርሷ ግን አልነበረም። ተዝካር ወይም ሠርግ ሲደርስ አውርዳ በአመድ ታሸዋለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በፈላ ውሃ ታለቀልቀዋለች። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን በጠዋት ይመጣሉ፤ በጉን በራሳቸው ሰው፣ በራሳቸው ቢላዋ፣ ቢስሚላህ ብለው ያርዳሉ፤ በግቢው በስተቀኝ ጉልቻ ጎልተው ራሳቸው ይሠራሉ። በግራ በኩል የእኛ ሰዎች በስመ አብ ብለው ያረዱትን ይሠራሉ። እንጀራው ከአንድ ሞሰብ ነው። ሽሮው፣ ቡናው፣ ድንኳኑ፣ ልቅሶው የጋራ ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለእኛ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ የእኛ ድስት በእነርሱ ጓዳ ነበር።

ታዲያ እዚህ ውስጥ ርኩስ የተባለ ማን ነው? በአገራችን ሥጋ በማን ስም እንደታረደ የሚጠየቀው ሥጋው የእምነት ምልክት ስለሆነ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙ ያረደውን እንደማይበላ ረስታ ነው እንጂ፣ የጓደኛሽ ዘመድ ያንኑ ጥያቄ ለራሷ ብታቀርበው መልሱን ታገኘው ነበር። እናቴ ያን ድስት በአመድ ስታሽ ጎረቤቶቿን ስለተጸየፈች አልነበረም። አብረዋት እንዲበሉ ስለፈለገች፣ ሲበሉም ከእምነታቸው አንዲት ጠብታ እንዳይጎድልባቸው ስለፈለገች ነው። ስለ መከባበር ሳስብ ከብዙ ስብከትና ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ያ ድስት ይመጣብኛል።

ይህን ስል ግን ያ ዘመን ሁሉ ማር ነበር ልልሽ አልፈልግም። ስለ ወሎ ሲወራ ሁልጊዜ ፍቅሩ ብቻ ይወራል፤ ፍቅሩ እውነት ነው፣ ቁስሉም እውነት ነው። ከደሴ አቅራቢያ ባለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ጠርተው ነበር። ከጉባኤው ውሳኔዎች አንዱ የወሎን ሙስሊም መኳንንት ተጠመቁ ወይም ሹመታችሁን ልቀቁ የሚል ነበር። ደሴን መናገሻቸው ያደረጓት ንጉሥ ሚካኤል ከዚያ በፊት መሐመድ ዓሊ ነበሩ። ጥምቀቱ ወደ ተራው ሕዝብም ወረደ፤ እምቢ ብሎ የተሰደደ አለ፣ እንደ ሼህ ጠልሃ ያመፀም አለ፣ በቀን ክርስቲያን በሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም አለ። በእኔ የዘር ሐረግ የሙስሊምና የክርስትና ስም እየተፈራረቀ ይወርዳል። ልጅ ሳለሁ ሁሉም በጋብቻ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ከፊሉ በአዋጅ እንደመጣ ያወቅኩት አድጌ፣ ያውም ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ነው። አያቴ እያወቀች አልነገረችኝም።

ስለዚህ የእናቶቻችን ዝምታ ከፊሉ ጨዋነት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ያልተነገረ ሕመም ነው። ሁለቱንም አከብራለሁ። አንቺ ግን እንደ እነርሱ ዝም በይ አልልሽም። የእነርሱን ዝምታ ደግፎ ያቆመው ሥራቸው ነበር፤ ውሃ አብረው ይቀዳሉ፣ ምጥ አብረው ይቀመጣሉ፣ ቅሬው ሲጠራ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም ቃሬዛ ይሸከማል፤ ሰው ከሰው ሲጋጭ አበጋሩ ተጠርቶ ያስታርቃል። በቀን አሥር ጊዜ የሚተያይ ሰው ብዙ ባይነጋገርም ይግባባል። ዛሬ ቅሬው ለብዙዎቻችን የወር መዋጮ ሆኗል፤ ስልኩ ግን ሌት ተቀን ይናገራል። አንቺና ጓደኛሽ ዝም ስትሉ ስለ አንቺ ለእርሷ፣ ስለ እርሷ ለአንቺ የሚያስረዳ ሌላ ሰው ይገባል፤ ይህ ሰው ኮምቦልቻን በካርታም አይቷት አያውቅ ይሆናል።

አሁን ወደ ቪዲዮው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሳልሸፋፍን ልናገር፤ በነቢይሽ ላይ የተሳለቀ ቪዲዮ ለአንቺ መላክ ትክክል አልነበረም፣ «እንነጋገርበት» የሚል ቃል ስለተጻፈበትም ትክክል አይሆንም። በአደባባይ የሚከራከር ሰው የሚናገረው ለሚያጨበጭቡለት ለራሱ ወገኖች ነው፤ ያንቺን ልብ ሊያገኝ ብሎ አልተናገረም። በእኛ መጽሐፍ ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ ካዘዘ በኋላ «ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይላል። ሁላችንም የመጀመሪያውን ትእዛዝ ይዘን ሁለተኛውን ጥለነዋል። በእናንተም ቁርኣን፣ በዐንከቡት ምዕራፍ፣ የመጽሐፉን ሰዎች በመልካሙ መንገድ ካልሆነ በቀር እንዳትከራከሩ ታዝዛችኋል። አንቺ የላክሽላት ቪዲዮ ይህን ያከበረ ነበር? እርሷም እንዳንቺ ስትንገበገብ አላደረች ይሆን? እርሷ በሌላ ሰው አፍ ተናገረች፣ አንቺም በሌላ ሰው አፍ መለስሽ፤ የማትተዋወቁ ሁለት ወንዶች በስልካችሁ ውስጥ ተሰዳድበው እናንተ ተኳረፋችሁ።

ሳይጎዳዱ መነጋገር ይቻላል ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ ይቻላል፤ አድርጌዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም በእግር ስንጓዝ አምባሰል ውስጥ መሸብን። አንዲት ሙስሊም እናት ቤቷ አሳደረችን፤ ንፍሮ ቀቅላ፣ ቡና አፍልታ አቀረበችልን። ከአቦሉ በኋላ «ልጄ፣ እዚያ ተራራ ላይ ማርያምን ምን ትሏታላችሁ?» አለችኝ። ልትፈትነኝ አልነበረም፤ ዕድሜ ልኳን በደጇ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ምን ሊል እንደሚሄድ ማወቅ ፈልጋ ነው። የማውቀውን ነገርኳት፤ ስለ ግማደ መስቀሉ፣ ስለ ቤተልሔም፣ በግርግም ስለተኛው ሕፃን፣ እንስሳቱ በትንፋሻቸው እንዳሞቁት። ዐይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ። ከዚያ «በእኛ እንዲህ ነው» ብላ ጀመረች፤ መርየም ምጥ ሲይዛት ብቻዋን ወደ ቴምር ዛፍ ግንድ እንደሄደች፣ ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ እንዳለች፣ ግንዱን ወዝውዢ የሚል ድምፅ እንደሰማች፣ የበሰለ ቴምር እንደረገፈላት። በቁርኣን 19ኛው ምዕራፍ በስሟ እንደሚጠራ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ብቻዋን ስታምጥ ስላለችው ቃል ስትነግረኝ የሴትዮዋ ድምፅ ተሰበረ፤ ልጆቿን እንዴት እንደወለደች ታስታውስ ነበር መሰለኝ። «ኢሳ ለእኛ ነቢይ ነው» አለች በመጨረሻ። «ለእኛ ጌታ ነው» አልኳት። ሁለታችንም ጥቂት ዝም አልን። ከዚያ ቶናውን ቀዳችልኝ።

ከዚያች ሌሊት የተማርኩትን ነው የምመክርሽ። የጠየቀችኝ እኔ ስለማምነው ነው፤ ስለ እኔ ሌላ ሰው ያወራላትን አላነሳችም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ስትመልስም የእኔን አላፈረሰችም፤ የራሷን በአጠገቡ አስቀመጠች። የሚለያየን ነገር ጋ ስንደርስም አልሸሸችውም። ይህን የመጨረሻውን አጥብቀሽ ያዢልኝ። አንዳንድ ሰው ሰላም ለማውረድ ብሎ «ሁሉም ያው አንድ ነው» ይላል። ያው አይደለም። ሥላሴን የምታመልክ ሴትና አላህ አንድ ነው አልወለደም አልተወለደምም የምትል ሴት ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ ሁለቱም በየቀኑ ተንበርክከው የሚናገሩትን ቀላል ነገር አድርጎ ማለፍ ሁለቱንም መናቅ ነው። ጓደኛሽን እንደ ሆነችው ልትወጂያት እንጂ በግማሽ እንደ አንቺ አድርገሽ ልትወጂያት አይገባም።

ሌላው ነገር ቀላል ነው። ሰው በተሰበሰበበት አታንሱት። የማታውቂውን ስትጠየቂ «ጠይቄ እነግርሻለሁ» በያት፤ ሸይኽሽን ጠይቂ፣ እርሷም የንስሐ አባቷን ትጠይቅ። የእናንተን ደግ ሰው ከእነርሱ ክፉ ሰው ጋር አታወዳድሪ። ቪዲዮ መላላክ ደግሞ ይቅር፤ ጨርሶ ይቅር።

ስለ ልጅሽ ጥያቄ ብዙ አሰብኩ። ዓቂዳሽን ላስተምርሽ አልችልም፤ አይገባኝምም። በሃይማኖትሽ ላይ የሚደርሰውን መልስ የምታምኚውን አዋቂ ጠይቂ። እንደ እናት ግን የምልሽ አለኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ስለ ጀነት ስትጠይቅ ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው «አክስቴን መውደድ እችላለሁ ወይ?» ብላ ነው። ለዚህኛው ዛሬውኑ መልሺላት። ፍርዱ የአላህ መሆኑን፣ ማንን እንደሚምር ለእኛ አደራ እንዳልሰጠን ንገሪያት፤ አክስትሽ በሌላ መንገድ ትጸልያለች፣ እኛ በዚህ እንሰግዳለን፣ አክስትሽ አንቺ ስትታመሚ በጀርባዋ አዝላሻለች በያት። ልዩነት የለም ብለሽ ግን አትዋሻት፤ ልጆች ያውቃሉ። ይህን ቃል ከማን እንደሰማችም በለዘበ አንደበት ጠይቂያት።

ከወንድምሽ ጋር አትከራከሪ። አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው በሌለበት፣ አባታችሁ በሞተ ሌሊት ድንኳኑ ሥር ማን ማን እንደቆመ ስማቸውን እንዲቆጥርልሽ ጠይቂው። ከዚያ ተይው።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ፤ ጊዜው ሩቅ አይደለም። ዘንድሮ በ2018 ዓቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይገባል። ዓምናም በአምስት ቀን ልዩነት ነበር የገቡት። የሂጅራው ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ግድም ስለሚያጥር ከርሞ ይለያያሉ፤ ረመዳን ሊያልቅ ሲል ነው ዓቢይ ጾም የሚገባው። ዘንድሮ ግን ሁለታችሁም በአንድ ሳምንት ጾም ትጀምራላችሁ፤ አንቺ ከንጋት እስከ መግሪብ፣ እርሷ ከሥጋ ከወተት ከእንቁላል ተለይታ ለ55 ቀን።

ከዚያ በፊት ሂጂ። ስልክ አትደውዪ፣ መልእክት አትጻፊ፣ ሽማግሌም ገና አያስፈልጋችሁም፤ በሩን አንኳኪ። ሰው ካለ ሰላም ብለሽ ተመለሺና በማግስቱ ሂጂ። ብቻዋን ስታገኚያት በራስሽ ጥፋት ጀምሪ፤ «የላክሁልሽ ነገር ትክክል አልነበረም፤ አፉ በይኝ»። ይህ የወሎ ቃል ከባድ ደጅ ይከፍታል፤ ልምድ አለኝ። ቀጥለሽ የእርሷን ንገሪያት፤ «ከቪዲዮው ይልቅ ያመመኝ ዘመድሽ በሰው ፊት ስትናገረኝ ዝም ማለትሽ ነው»። ከዚህ በላይ አትጨምሪ። እስክትመልስ ጠብቂ፤ ብታለቅስም፣ ብትቆጣም፣ «እኔም የላክሽው አሞኛል» ብትልም አድምጫት፤ እርሷም እውነት አላት።

አሻፈረኝ ካለችሽ ጊዜ ስጫት። በመንገድ ስታገኚያት ሰላምታሽን አታጓድይ፤ ቅሬው ሲጠራ አትቅሪ። በዚህ ዓይነት ከዓመት በኋላ የታረቁ ሰዎች አውቃለሁ።

እሺ ካለችሽ ደግሞ ከረመዳኑ ማታዎች በአንዱ ለአፍጥር ጥሪያት፤ ባለቤቷንና ልጆቿንም። ጾም ላይ ናትና ሳንቡሳውን ሥጋ ሳይሆን ምስር ሙዪው፣ በዘይት ጥበሽው። ቴምሩ ለሁላችሁም ይሆናል፤ ስለ መርየምና ስለ ግንዱ ልትነግሪያት ከፈለግሽ እርሱን ስታቀርቢ ንገሪያት፤ እርሷም ስለ ቤተልሔም ትንገርሽ። ሾርባዋን ሥጋና ቅቤ ባልነካው ሌላ ድስት ለይተሽ ሥሪላት። ድስቱ አዲስ ቢሆን ይሻላል። ክዳኑ ላይ የሚታሰረውን ጨርቅ ቀለም እርሷ ትምረጥ።